ተቀባይ ፍለጋ፦ በአንዲት የሽምብጥ ጓሮ ክፍል ስለተቀረጹ ሙዚቃዎች

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ወጣት ሙዚቀኞች፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጆቼ፤ ይህን ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ «ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ቤቱ ውስጥ ሆኖ እንዴት ሙዚቃ ይቀርጻል?» የሚል ነበር። ርእሱን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ይሁን እንጂ «ብዙ መሣሪያ የሚጫወት» የሚለው ማዕረግ ከሚገባኝ በላይ እንዳያስከብረኝ ከወዲሁ ላስተካክለው እወዳለሁ። ክራር እመታለሁ፣ ዋሽንት እነፋለሁ፣ ኪቦርድና ባስ ጊታር እጫወታለሁ፣ ከበሮ እመታለሁ፤ መሲንቆም ሰው በሌለበት እገዘግዛለሁ። በአንዳቸውም ቢሆን የተዋጣለት የምባል አይደለሁም። መሣሪያዎቹ የበዙት ችሎታዬ በዝቶ ሳይሆን አብሮኝ የሚጫወት ሰው በማጣቴ ነው፤ የዛሬው ነገሬም በአመዛኙ ከዚህ እጦት ጋር የተያያዘ ይሆናል።

ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። እናቴ በቤቷ ከመዝሙር በቀር ዘፈን እንዲሰማ አትወድም ነበር፤ ክራር ይዤ የገባሁ ዕለት «ደግሞ አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» ብላ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር ክራርን ግን የሰይጣን መሣሪያ የሚሉት ሰዎች እንደነበሩ በዕድሜ ገፋ ያላችሁት ታስታውሳላችሁ። በዚህ ምክንያት ልምምዴም የመጀመሪያ ቀረጻዬም ከዋናው ቤት ተነጥላ በተሠራች፣ ክዳኗ ቆርቆሮ በሆነ አንዲት የጓሮ ክፍል ውስጥ ተጀመረ። ያቺ ክፍል ዛሬም ስቱዲዮዬ ናት።

ያኔ ኮምፒውተር በሩቁ የምንሰማው ነገር ነበር። በእጄ የነበሩት ሁለት ቴፖች ናቸው፤ አንዱ የቤታችን፣ ሌላው ከአጎቴ የተዋስሁት። አሠራሬም ይህ ነበር፦ መጀመሪያ ከበሮውን በአንደኛው ቴፕ እቀዳለሁ፤ ቀጥዬ ያንን ካሴት ከፍቼ ከጎኑ ክራር እየመታሁ የሁለቱን ድምፅ በአንድነት በሁለተኛው ቴፕ እቀዳለሁ፤ ከዚያም ካሴቶቹን አለዋውጬ በላዩ ላይ ዋሽንት እነፋለሁ። ይህን ዘዴ ከኔ በፊት ያሰበው ያለ አይመስለኝም ነበር። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሸክላ ስምንት የጊታር ድምፆችን ብቻውን ደራርቦ እንደተጫወተ፣ የሠራውም በመኪና ማቆሚያ ጋራዡ ውስጥ አንዱን ሸክላ ከሌላው ሸክላ ላይ እየገለበጠ እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በአንድ ተራ ካሴት ላይ አራት ድምፆችን ለየብቻ የሚቀዳ አነስተኛ መሣሪያም በ1979 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ እኛ ሰፈር ግን አልደረሰም።

የሁለቱ ቴፖች ችግር ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው፣ በተገለበጠ ቁጥር የካሴቱ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ እየጨመረ ሄዶ አራተኛው መሣሪያ ሲገባ ከበሮው ከዝናብ ጀርባ የሚመታ መምሰሉ ነው። ሁለተኛውና የባሰው የባትሪ ድንጋይ ጉዳይ ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ የምጠቀምባቸው ድንጋዮች ሲደክሙ ቴፑ ይዘገያል፤ ድንጋዩ ደክሞ ሳለ የተቀዳው ካሴት ደግሞ በአዲስ ድንጋይ ወይም በመብራት ሲከፈት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ስለዚህ ትናንት ማታ የቃኘሁት ክራር ዛሬ ከራሱ ከትናንቱ ድምፅ ጋር አይገጥምም። ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ትንሽ ነፍስ እስኪዘሩ እጠብቃለሁ፤ ከዚያም ቴፑ በዚያች ሰዓት ባለበት ፍጥነት ልክ ስድስቱንም የክራር ጅማቶች እንደገና እቃኛለሁ። እስከ ዛሬ ሰዎች ጆሮዬ ጥሩ እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ ያ ጆሮ የተሠራው በሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳይሆን በደከመ ድንጋይ መሆኑን አልደብቃቸውም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ካሴት ማውሳት ይገባኛል። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ለሥራ በሄደ ጊዜ እዚያው ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግ ሲንተሳይዘር ራሳቸው ተጫውተው፣ ምቱን ለድራም ማሽን ሰጥተው፣ ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኖሩ። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. በሸክላና በሲዲ እንደገና ታትሞ ኃይሉን ወደ ዓለም መድረኮች የመለሳቸው፣ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ አንዷን ቅጂ ከካሴት ቤት አግኝቶ በመግዛቱ ነው፤ ያ ካሴት ቤት የነበረው ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። እኛ በየቀኑ በበራፉ እናልፍ ነበር ማለት ነው።

ያንን ሥራ ደጋግሜ ያደመጥሁት ብቻውን የሚቀርጽ ሰው ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ ለመረዳት ነው። ድራም ማሽኑ ማንንም አይጠብቅም፤ ሰው ቢደክም አያዘግምለትም፣ ቢሞቀው አያፈጥንለትም። ሆኖም ሥራው ሕይወት አለው፤ ምክንያቱም የተጫወቱት ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ያለ ድምፃዊ ነው። አኮርዲዮኑ ዜማውን ሲጀምር ግጥሙን የሚጨርሰው አድማጩ ነው። ኃይሉ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ ነገር ግን ለሚቀበላቸው ሰው ቦታ ትተው ነበር የተጫወቱት። እኔ ያንን ቦታ መተው አላውቅበትም ነበር።

«የሚቀበላቸው» ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማው ይመልሰዋል፤ አንዳንዴም ሰጪው ባላሰበው በኩል ጠምዝዞ ሰጪውን ራሱን መሳቂያ ያደርገዋል። ዘፈኑ በሁለት ሰዎች መካከል የሚመላለስ ነገር ነው። ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን የሚቀርጽ ሰው ግን ሰጪውም ተቀባዩም ራሱ ነው። ከበሮው ቀድሞ የተቀዳ ስለሆነ ክራሩ የፈለገውን ቢል አይሰማውም፤ ክራሩ ከበሮውን ይከተላል እንጂ ከበሮው ክራሩን አይከተልም። ይህን በቃል ለማስረዳት የበቃሁት ዘግይቼ ነው፤ ችግሩን በጆሮዬ የማውቀው ግን ከመጀመሪያዎቹ ካሴቶች ጀምሮ ነበር። ሥራዎቼ ስህተት የላቸውም፤ ደስታም የላቸውም።

ላፕቶፕና ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሳውንድ ካርድ የገዛሁት በየሠርጉ ኪቦርድ እየተጫወትሁ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ነው። አብሮ የተገዛው ኮንደንሰር ማይክራፎን ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት እየተመገበ የሚሠራና እጅግ ስስ ጆሮ ያለው ሆኖ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ሰፈሬ የማላውቀውን ሁሉ ነገረኝ፦ ባጃጁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የጎረቤትን አውራ ዶሮ፣ ከሐይቁ ዳር ሌሊቱን ሙሉ የሚንጫጫውን እንቁራሪት። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ክራር ፉከራም አይሰማም። የጤፍ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ በግድግዳው ዙሪያ ደረደርሁ፤ በሩ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀልሁ፤ የቀረጻ ሰዓቴንም ከሌሊቱ 8 እስከ 10 አደረግሁ። ከዚያ በኋላ የሽምብጥ ሚካኤል የኪዳን ጸሎት ይጀምራልና።

ወጣቶች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ስትቀርጹ የራሳችሁ ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ ስለሚሰማበት ስለ ድምፅ መዘግየት ጥቂት ልናገር። ኮምፒውተሩ ድምፁን እየቆራረሰ ነው የሚያስገባው፤ በሴኮንድ 44,100 ናሙና በሚወስድበት ልክ 512 ናሙና ካጠራቀመ በኋላ የሚያሳልፍ ከሆነ መግቢያው ላይ ወደ 12 ሚሊ ሴኮንድ፣ መውጫው ላይ ደግሞ ያንኑ ያህል ይዘገያል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ መዘግየት አብሯችሁ ከሚጫወተው ሰው 8 ሜትር ርቃችሁ እንደመቀመጥ ነው። አዝማሪና ተቀባይ በ8 ሜትር ርቀት ተቀምጠው ታውቃላችሁ? ያንን 512 ወደ 128 አውርዱት፤ ኮምፒውተሩ አልችልም ካለ ሌሎቹን ትራኮች፣ ማለትም ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች፣ ለጊዜው አጥፉለት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የባህል ቤት የሚጫወቱ አንድ መሲንቆ መቺ ወደ ጓሮ ክፍሌ እንዲመጡ ለመንሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም። አባታቸው በአዝማሪዎቿ ከታወቀችው፣ ጎንደር አጠገብ ካለችው ከቡርቧክስ መንደር ነበሩ። ጋሼ ወንበሩን ትተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ከኪሳቸው የዕጣን ቁራጭ አውጥተው የደጋኑን ጭራ ቀስ ብለው ፈተጉት፤ ከፍየል ቆዳው ላይ አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ። እኔም ሄድፎኑን አደረግሁላቸውና ክሊኩን ከፈትሁ።

«ጆሮዬ ውስጥ የሚያንኳኳው ማነው?» አሉኝ።

«ክሊክ ነው ጋሼ፤ ጊዜውን ይጠብቅልዎታል።»

«እኔ ምን ጊዜ ጠፍቶብኝ ነው የሚጠበቅልኝ?»

የሆነው ሆኖ አክብረውኝ ተጫወቱ። አራት ደቂቃ ያህል ቀዳን። ስንሰማው የእሳቸው ጣት የተጫወተው የኔ ሥራ ነበር የሚመስለው፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ በረዶ። ጋሼ ሄድፎኑን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና «ለመሆኑ የሚሰጠኝ ማነው? ግድግዳው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ክሊኩን ዘግቼ፣ ማይክራፎኑን በሁለታችን መካከል አቁሜ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ። እየፈራሁ አንድ ስንኝ ሰጠሁ፤ ተቀበሉኝ። ሌላ ሰጠሁ፤ ተቀበሉኝና የራሳቸውን መለሱ፦

ብቻዬን ዘርቼ ብቻዬን አርሜ፣
አውድማው ሲደርስ ጠፋኝ ወንድሜ።

«አርሜ» የምትለዋ ቃል የት እንደወደቀች አስተውሉልኝ። ገበሬው አረሙን ነቅሎ ያርማል፤ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ስህተት ሳርም አድራለሁ። ጋሼ ወደ ቤቴ ከመጡ ገና አንድ ሰዓት አልሞላቸውም ነበር፤ ኑሮዬን በአንድ ግስ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እሳቸውም ሲስቁ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉም፣ ሳቁም፣ ከሳሉ በኋላ ደጋኑ ጅማቱን እንደገና ሲነካውም ተቀዳ።

ከዚህ በኋላ የፈጸምሁትን ጥፋት መደበቅ አልፈልግም። ቀረጻውን በኮምፒውተር ብመረምረው ሲጀምር በደቂቃ 112 የነበረው ምት ሲያበቃ 124 ደርሷል። ይህ ትክክል አይደለም ብዬ ሦስት ሌሊት ሙሉ እየቆረጥሁ፣ እየሳብሁ፣ ከኮምፒውተሩ የምት መስመር ጋር ሳስተካክል ሰነበትሁ። ሳሉንም አወጣሁት። ሲያልቅ ከፈትሁት፤ ጋሼ ወጥተው ሄደዋል። ደግነቱ ዋናውን ቀረጻ አላጠፋሁትም ነበርና ወደ እሱ ተመልሼ ባስ ጊታሬን አነሣሁ። በዚህ ጊዜ ግን መሲንቆው ክሊክን እንዲከተል ማድረጉን ትቼ፣ እኔ መሲንቆውን መከተል ጀመርሁ። ደጋኑ ከመገልበጡ በፊት ትንሽ ክብደት እንደሚያሳርፉ፣ ስንኝ ሊመልሱ ሲሉ ግማሽ ምት ያህል እንደሚቸኩሉ ለመልመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። እነዚያ 12 ምቶች የጨመሩት ስንኝ ሲጥማቸው እንጂ ጊዜ ጠፍቶባቸው አልነበረም።

በገናን በሚመለከት ያጋጠመኝ ከዚህ የተለየ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት በገና የሚያስተምሩ አንድ መምህር በዐቢይ ጾም መዝሙራቸውን እንድቀርጽላቸው ጠየቁኝ። በገና፣ እንደምታውቁት፣ አሥር ጅማት አለው፤ ጅማቶቹ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ጅማቶቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ በእያንዳንዱ ጅማት ሥር እንዚራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ያ እንደ ንብ የሚያንዘረዝረው ድምፅ የሚወጣው ጅማቱ ቆዳውን እየነካካ ስለሚርገበገብ ነው። እኔ ግን ድምፁን በሄድፎን ስሰማው ማይክራፎኑ የተበላሸ መሰለኝና ዝርዝርታውን በማጣሪያ ቀነስሁት። መምህሩ አዳመጡ፤ ዝም አሉ፤ በመጨረሻ «ወንድሜ፣ ንቡን አባረህ ማሩን ከየት ልታመጣው ነው?» አሉኝ። ባስ ልጨምርበት ወይ ብዬ ስጠይቅም በፍጹም አልፈቀዱም፤ በገና ለጸሎት ነው፣ ከዘፈን መሣሪያ ጋር አይደባለቅም አሉ። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ልክ ነበሩ፤ አብሮ መሥራት ሁልጊዜ አብሮ መጫወት አይደለም፤ የዚያን ዕለት ድርሻዬ ማይክራፎኑን አስተካክሎ አቁሞ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነበር። ብዙ መሣሪያ ለሚነካ ሰው ይህ ከባድ ሥራ ነው።

በሩቅ ሆኖ አብሮ መሥራትንም ሞክሬዋለሁ። ውጭ ሀገር የሚኖር ሳክስፎን የሚነፋ የልጅነት ጓደኛ አለኝ፤ በአንቺ ሆዬ ቅኝት አንድ ሥራ ጀመርን። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። እንዲመራበት የላክሁለት ኪቦርድ ነበርና እሱ ከኪቦርዱ ጋር አስማምቶ ነፋ፤ የኔ ክራር ደግሞ በጆሮ የተቃኘ ነው። ኪቦርድ አንዱን ስምንዮሽ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ከፍተኛ አቻው ያለውን ርቀት፣ አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ በጆሮ የሚቃኝ ሰው ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አልፈረመም። ሁለቱ ሲገናኙ ድምፃቸው እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ሆነ። በመጨረሻ ኪቦርዱን አውጥቼ ክራሩን ብቻ ላክሁለት፤ ከንፈሩን ጠበቅ ላላ እያደረገ በራሱ ጆሮ ፈልጎ አገኘው።

የላክሁለት መንገድ ራሱ ወግ አለው። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ሥራውን በፍላሽ ገልብጬ፣ በካርቶን ጠቅልዬ፣ ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት እሰጠዋለሁ፤ ፍላሿ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ እጅ ስትገባ ወደ ውጭ ትላካለች፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። አንድ ቀን ፍላሿን ልቀበል መናኸሪያ ስሄድ ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ያ መሲንቆ ያለበት መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ። ለካ ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ በአውቶቡሱ ቴፕ ሲያጫውተው ከርሟል! ልቆጣው አሰብሁ፤ ቀጥሎ የተናገረው ግን አስቆመኝ። «ሽማግሌው የሚስሉበት ቦታ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል፤ ድገምልን ይሉኛል።» እኔ ሦስት ሌሊት የደከምሁበትን የተስተካከለውን ሳይሆን፣ በስሕተት አብሮ የተገለበጠውን ዋናውን ቀረጻ ነበር ያጫወተላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቀረጻ ውስጥ ጫጫታ የሚባለው ምን እንደሆነ እንደገና ማሰብ ጀመርሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1977 እና በ1985 እ.ኤ.አ. መካከል አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየተጫወቱና እየዘመሩ በቴፕ የቀዷቸው ሥራዎች፣ እሳቸው በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ ካረፉ በኋላ ታትመዋል። በውስጣቸው ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩ ወፎች ይሰማሉ። አሳታሚዎቹ ወፎቹን አላወጧቸውም። እኔ ብሆን ኖሮ፣ በዚያ በጭድ በተሞላ ክፍሌ ውስጥ፣ አወጣቸው ነበር። ወፎቹ ሲወጡ ግን ሴትዮዋ የተቀመጡበት ክፍልም፣ የጠዋቱ ሰዓትም አብረው ይወጣሉ።

ይህን ስል ግን የሰፈሩ ጫጫታ ሁሉ ይቀዳልን እያልሁ አለመሆኔ ይታወቅልኝ፤ ወፍጮ ቤቱን እስከ ዛሬ አልታረቅሁትም። ማለቴ፣ ቀረጻ ከመጀመሬ በፊት ክፍሉን የማዘጋጀው አሁን ሌላ ነገር አስቤ ነው። ከረጢቶቹን ግማሹን አውጥቻለሁ። ሁለት በርጩማዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ማይክራፎኑ በመካከላቸው ነው። ኪቦርዱ ጥግ ላይ ተሸፍኗል።

በአሁኑ ጊዜ የያዝሁት ሥራ 11 ደቂቃ ያህል የሚረዝም ሲሆን፣ መሲንቆ፣ ሁለት ዋሽንት፣ ከበሮና የጓደኛዬ ሳክስፎን አሉበት። መጀመሪያ ስድስት መሣሪያ ብቻዬን ተጫውቼበት ነበር፤ ከእነዚያ የቀረው ከበሮው ብቻ ነው፤ እሱንም ጋሼ «አንድ ቦታ ላይ ችኮላ አለበት» ስላሉኝ እንደገና እመታዋለሁ። ዋሽንቶቹን የሚነፋው ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ወጣት ነው፤ ዋሽንት ትንፋሽ ሲያሞቀው ድምፁ ከፍ ስለሚል፣ ከመቅዳታችን በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ እየነፋ ያሞቀዋል። እኔም በዚያች ሰዓት ቡና አፈላለሁ። ጋሼ ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን ብለውኛል፤ እስከዚያው አንድ ክፍል ባዶውን ትቼላቸዋለሁ፤ ምን እንደሚገባበት አላውቅም፤ ስንኙን የምሰጠው እኔ ስለሆንሁ እየጻፍሁ፣ እየሰረዝሁ ነው።

ከፈቀዳችሁልኝ እስካሁን ያለውን ላሰማችሁ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የምትሰሙት ሳል የድምፅ ማጉያው ችግር አይደለም።